ገናሌ ዳር ጸጥ ያለች ቦታ

አካም ነዎት እትዬ ዘርፈሽ? ቤቱስ ናጋ፣ ሰላም ነው? እግርዎ እንዴት ዋለ? ኧረ አልቀመጥም፤ ወደ ገበያ ሳልፍ በሩ ክፍት ሆኖ አይቼ ነው። ግቢው ተጠርጓል፣ ወንበር ከጎረቤት መጥቷል... እሑድ ሽማግሌ ይመጣል አሉ? እሰይ! ማን እንደላከ አልጠየቅሁም። እኔ መሱዳ ጨርቄን ቸርቻሪ፣ በሰው ጉዳይ ምን አገባኝ?

እሺ፣ ካሉማ ለአፍታ ልቀመጥ። የላብ አደሮች በዓል ለት የሆነውን ልጅዎ አስቻለች አጫውታዎታለች? አላጫወተችም? ጨዋ ልጅ ናት... እርስዎ በእግርዎ ምክንያት ቀርተው እሷን ለእኔ አደራ የሰጡኝ ለት ነዋ። የነገሌ ሰው ከነልጆቹ በጭነት መኪና ተጭኖ ገናሌ ወንዝ ወረደ። አማቴም ዓይናቸው ባያይ፣ «የውኃውን ድምፅ ልስማ» ብለው ተከተሉን።

አንድ ሰውም አብሮን ነበር። ስሙ ምን ያደርጋል? ከመሀል አገር መጥቶ በየስብሰባው የሚናገር፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርግ... እንዲህ ያለ ሰው ነገሌ ውስጥ ስንት አለ!

ድልድዩ አጠገብ ያለው ጫጫታ ለጉድ ነው። የኪነት ቡድኑ በድምፅ ማጉያ ይጮኻል፣ ልጆች ለዥዋዥዌ ይጋፋሉ፣ አባቶች ከረምቦላ ከበዋል። የበዛብሽ ድንኳን ጥብስ ደግሞ ይጣራል። «እዚሁ እንብላ» ብንለው ሰውዬው አፍንጫውን ነፋ። «እኔ የለመድኩት ውኃ ዳር፣ ጸጥ ያለ ምግብ ቤት ነው። አዋሳ እንዲህ ግርግር ውስጥ ማንም አይበላም» አለ። አዋሳን የሚያውቅ ሰው እኛን ይዞ ሲንከራተት ክብር አይደል? በዚያ ፀሐይ አማቴን እየጎተትን ተከተልነው። አንዱ ቤት ዝንብ አለው፣ አንዱ ልጅ ይበዛዋል፣ አንዱ ወንበሩ ይነቀንቃል። ብቻ መጨረሻ ላይ፣ አላህ ይስጠውና፣ አገኘ።

የሀላኬ ዓሣ ቤት! ከሰው ራቅ ብሎ፣ ሾላ ሥር፣ ነፋሱ ደስ የሚል። ነፍስ የሚባል የለበትም። ሀላኬ ገና ሲያየን፣ «ከዛፉ ወዲህ ተቀመጡ፤ ሰሞኑን አዞ ይወጣል፣ ሰው የሸሸው ለዚያ ነው» አለ። ሰውዬውማ ሳቀ! «አዞ የሚፈራው ያልነቃ ሕዝብ ነው» አለና ጠረጴዛውን በገዛ እጁ ተሸክሞ ውኃው አፍ ላይ ወሰደው። እንዲህ ያለ ደፋር ከወዴት ይገኛል?

ዓሣው መጣ፣ ትኩስ። እሱ ስለ ትግል ያወራል፣ አስቻለች ለአማቴ እሾሁን እየለቀመች ታጎርሳለች። ውኃው ላይ ያለው ግንድ መስሎኝ ነበር... ግንዱ ዓይን አወጣ።

ጮህኩ። አስቻለች አማቴን በብብታቸው ይዛ ብታነሳቸው ከበዷት። «እባክህ በዚያ በኩል ያዝልኝ!» ብላ ጠራችው። ማንን? ያ ሰውነት፣ ያ ኮት... እንዲህ ይፈጥናል ብሎ ማን ጠረጠረ? «እናት አገር ወይም ሞት» እያለ ክንዱን ሲያነሳ ሁለቱን ያምታታል ብዬ እሰጋ ነበር። አያምታታም! ሞቱን ለእኛ ትቶ ወደ አገሩ ገሰገሰ። ንብረት ጠባቂም ነው፤ የዓሣውን ሳህን ከእጁ አልጣለም።

ሀላኬ የሚነድ ፍልጥ ይዞ መጣ፣ ሎሚ የምትባለው ሚስቱም ድስት እየደበደበች። ልጅዎ አማቴን ጎትታ ባወጣችበት ቅጽበት አዞው የተቀመጡበትን ወንበር ነክሶ ይዞት ገባ። አስቻለችዬ አሮጊቷን አቅፋ ከዛፉ ወዲህ አስቀመጠቻቸው፣ አላለቀሰችም።

አማቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ያ ልጅ የታለ? በላው እንዴ?» እኛም ደነገጥን። ሀላኬ በዱላ ውኃውን ፈለገ፣ ሎሚ ሙሾ ልትጀምር ነበር። የፍለጋ ወጉን አድርሰን ስንመለስ ከጭነት መኪናው ላይ፣ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘነው። «ቦታ ልይዝላችሁ ነው የቀደምኩት!» አለ። እንዴት ያለ አሳቢ! ኮቱን ለአስቻለች አንጥፎላት ነበር። እሷ ግን እስከ ነገሌ ቆማ መጣች... ወጣት ናት፣ መቀመጥ ምን ያደርግላታል?

በማግስቱ ከተማው ሁሉ ሰማ። ሰውዬው አዞውን በወንበር ደብድቦ አባሮታል አሉ። ወንበሩም አዞውም ገናሌ ውስጥ ናቸው፣ ማን ገብቶ ይጠይቃቸው? እኔም «እውነት ነው» አልኩ። ሰው ደስ ሲለው ለምን ልከልክል?

ውይ፣ ገበያው ሊበተንብኝ ነው። እሑድ የሚመጡት ከማንም ይላኩ፣ እግራቸው የበረከት ይሁን። ለአስቻለችዬም አላህ ዕድሜው የረዘመ፣ በክፉም በደጉም ቀን ከፊት ከፊቷ የሚቀድም፣ አንዴ ከሄደ ዞር ብሎ የማያይ ባል ይስጣት...

አሜን በሉ እንጂ፣ እትዬ ዘርፈሽ!