ለሚካኤል ጣሪያ የታሰበው ጥድ

በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ቄሰ ገበዙ አባ መዝገቡ ደርቆ በተቆረጠ የጥድ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከወንዝ ማዶ ከሚካኤል ደብር አህዮች ነድታ የመጣችው አስካል ፊታቸው ቆማለች።

አስካል፦ አባ፣ «ይህ እንጨት የሚካኤል ጣሪያ ነው» ያሉን እርስዎ ነዎት። ዛሬ አህዮቹን ነድቼ ስመጣ አይሆንም ይሉኛል?

አባ መዝገቡ፦ አይሆንም፣ ልጄ። ይቃጠላል።

አስካል፦ የቤተ ክርስቲያን ጥድ?

አባ መዝገቡ፦ የቤተ ክርስቲያን ጥድ። እኔም ስናገረው አፌ እሺ አይለኝም።

አስካል፦ ደርቆ ቢወድቅ እንኳ ምድጃ አይገባም፣ ለሌላ ደብር ይሰጣል እያላችሁ ያሳደጋችሁን እናንተ ናችሁ። ለእኛ ሲሆን ነው ሥርዓቱ የተለወጠው?

አባ መዝገቡ፦ ተይ፣ አንቺ ደግሞ አትቆጪኝ። ደክሞኛል። ዲያቆናቱ ለምን ይቆረጣል ብለው ተቆጡ። የሰንበቴው ማኅበር ለምን ይቃጠላል ብሎ ተቆጣ። ከደን ጥበቃ የመጣው ሰውዬ ደግሞ እስካሁን ምን ትጠብቃላችሁ ብሎ ተቆጣ።

አስካል፦ ምን ሆነ ነው የሚለው?

አባ መዝገቡ፦ ጥንዚዛ ነች አለ። የእኛ አገር አይደለችም፤ ከባሕር ማዶ በዕቃ ሣጥን እንጨት ውስጥ ተደብቃ የገባች ናት። የእኛ ጥድ አያውቃትም፣ አይችላትም። ቅርፊቱ ስር ትገባና ታደርቀዋለች። እንጨቱ ቢቆረጥም አትሞትም፤ ወደተወሰደበት አብራው ትሄዳለች።

አስካል፦ እንግዲያው ቅርፊቱን ልጠን እንወስደዋለን።

አባ መዝገቡ፦ እሱንም ጠይቄዋለሁ። ግንዱም ውስጥ ትገባለች አለኝ።

አስካል፦ አባ፣ ክረምቱ ደርሷል። አምና ቅዳሴ ላይ ውሃው በመጋረጃው ሲወርድ በዓይንዎ አይተዋል። ሰዉ ምስማር ገዝቶ፣ አናጢ ይዞ ይጠብቀኛል። ምን ይዤ ልግባ?

አባ መዝገቡ፦ አውቃለሁ። ይህ የተቀመጥኩበት፣ አያቴ ከስሩ ሆነው ዳዊት ይደግሙ ነበር። እኔም እዚሁ ስር ትቀብሩኛላችሁ ስል ነበር የኖርኩት። እስኪ ይህን ቢላዋ ያዢና እዚህ ጋ ላጥ አድርጊው።

አስካል፦ ይህ ዱቄት ምንድን ነው?

አባ መዝገቡ፦ የእሷ ነው። ስትበላ የምታወጣው።

አስካል፦ እንደ በሶ የላመ።

አባ መዝገቡ፦ አዎ። ምነው ፊትሽ ተለወጠ?

አስካል፦ የእኛ ደወል ቤት፣ አባ። አምና ከዚህ በወሰድነው እንጨት የሠራነው።

አባ መዝገቡ፦ እኔ መርቄ የሸኘሁት።

አስካል፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ከምሰሶው ስር ይህንኑ ዱቄት እጠርጋለሁ። ነቀዝ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

አባ መዝገቡ፦ ከምሰሶው ስር ብቻ ነው?

አስካል፦ አጠገቡ ያለው ትልቁ ጥድ ጫፉ ቀላ ብሏል። ውሃ ጠምቶት ነው ብለን፣ ሴቶቹ በየተራ በእንስራ እየቀዳን ስናጠጣው ከረምን።

አባ መዝገቡ፦ አይ ልጆቼ። ሌሎቹስ?

አስካል፦ ደህና ናቸው። ደህና ይመስሉኛል። የእኛም ግቢ ጥድ ካለቀ በዚህ አገር ጥድ የት ይቀራል?

አባ መዝገቡ፦ የትም። ጅምሩ ላይ ከደረሱበት ግን የቀረው ይተርፋል ብሏል ሰውዬው። እኛ ዘገየን። እናንተ ትልቁን ጥድና ደወል ቤቱን አሁን ካቃጠላችሁ ምናልባት።

አስካል፦ ጣሪያ ላምጣ ብዬ ወጥቼ፣ ደወል ቤቱን አፍርሱ ልበላቸው? በምን አፌ?

አባ መዝገቡ፦ እኔ እናገራለሁ። የመረቅሁት እኔ ነኝ፣ ስድቡም ለእኔ ይሁን። አንቺ አሁን አህዮቹን ባዷቸውን መልሻቸው፤ እኔ ነገ በጠዋት እመጣለሁ።

አስካል፦ ነገ አይሆንም፣ አባ። አህዮቹም ባዷቸውን አይመለሱም። ይነሡና ይህን ጥድ የቆረጣችሁባቸውን መጥረቢያዎች ይጫኑልኝ።