ከአሜን በኋላ

የተከበራችሁ የወንድሜ ቤተሰቦች፤ እናቶችና አባቶች፤ ጎረቤቶች፤ አብራችሁት የሠራችሁ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች፤ እንዴት ናችሁ?

አዎ፣ ሰማኋችሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አላችሁ። ዓይናችሁ ቀልቶ፣ መሀረባችሁ ረጥቦ፣ መቃብር አፋፍ ላይ ቆማችሁ «ደህና» አላችሁ። ይህ እዚህ የተኛው ሰው ቢሰማችሁ ምን እንደሚላችሁ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ «አሜን» ይላችኋል። ቀጥሎ ያቺን ጥያቄውን ያመጣታል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ንግግር አልለመድኩም፤ ትምህርቴም ብዙ አልገፋም። ግን ልጁ ትናንት «ጋሼ፣ እርስዎ ይናገሩልኝ» ስትለኝ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ። ስሳሳት እያለፋችሁኝ ስሙኝ።

ወንድሜ ስል የልብ ወዳጄን ነው፤ በሥራው ጤና መኮንን ነበር። ሰፈሩ ግን ሌላ ስም አውጥቶለታል። «ከአሜን በኋላ መጣ፣ ከአሜን በኋላ ሄደ» ነው የሚባለው። ስሙ ከየት እንደመጣ ለማታውቁ እንግዶች ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ውሃ ይጠማኝ ጀመር። እንዲሁ ጥማት እንዳይመስላችሁ። ጆግ ሙሉ ጠጥቼ፣ ጆጉን ከእጄ ሳላስቀምጥ ይጠማኛል። ሽንት ቤት ደርሼ ተመልሼ ሳልቀመጥ ደግሞ ይመጣል። ክር ላስገባ ስል የመርፌው ቀዳዳ ሁለት ይሆንብኛል። ሰው ሁሉ «ሐዘን ነው፣ ያልፋል» አለኝ። እኔም አመንኩ። ሐዘን ውሃ ያስጠማል ወይ? ማን ጠይቆ!

እህቴ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ያቺን ጠባብ ክፍል ታውቋታላችሁ፤ መስኮቷ ግማሹ ቀለም የተቀባው፣ ሚዛኑ በሩን የሚከለክለው። ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጧል። የጋወኑ ኪስ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ፈሷል። «እንዴት ነህ?» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። እሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፦

«አሜን» አለ። «ከአሜን በኋላስ?»

ተቀየምኩት። አምላኬን አመስግኜ ሳልጨርስ መልሼ ላማርር ነው? ይህ ምን ዓይነት ምስጋና ነው? ፊቴ ላይ አነበበው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እስካሁን ያልከው ለእግዚአብሔር ነው፤ እሱ ሰምቶሃል» አለኝ። «እኔ ግን ልብ አላነብም። ለእኔ በአፍህ ንገረኝ።»

ያኔ ወጣ። ጥማቱም፣ ድካሙም፣ የመርፌው ቀዳዳም ተራ በተራ ወጣ። ጣቴን ወግቶ ደሜን ለካና ስኳር ነው አለኝ። ሐዘኔ ሐዘን ነው፣ ስኳሬም ስኳር ነው። ሁለቱን ለየልኝ። ሁለቱን የለየልኝ ሰው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያዘዘኝን ታውቁታላችሁ፤ ያልነገረው ሰው የለማ። መድኃኒትህን ደህና ሆንኩ ብለህ አታቋርጥ። በባዶ እግርህ አትሂድ። ማታ ስትተኛ እግርህን እይ፤ ጣቶችህን እየፈለቀቅህ። «ፊትህን በመስታወት ታያለህ፤ እግርህ ምን በደለህ?» ይለኛል። እንዴት እንደሳቅኩበት! አንድ ማታ ግን ካልሲዬን ሳወልቅ ከተረከዜ የተሰበረ መርፌ አገኘሁ። ተሰክቶ ውሏል፤ አልተሰማኝም። ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ይቀንሳል ብሎ ነግሮኝ ነበርና በማግስቱ ሱቅ ሳልከፍት ወደሱ ሮጥኩ። ይኸው ዛሬ ፊታችሁ በሁለት እግሬ ቆሜያለሁ።

የዳቦ ቤቷ እመቤት፣ አይቼሻለሁ፤ ከባልሽ ጀርባ አትደበቂ። ያንቺን ሳልናገር ብወርድ እሱ ራሱ ይቆጣኛል። ደም ግፊት አለብሽ ብሎ ኪኒን ሰጣት። ስትመለስ ግፊቷ አልወረደም። «ኪኒኑን ትውጫለሽ?» አላት። «በደንብ ነዋ» አለች። እሱ ይቺን «በደንብ» አላመናትም። «አሜን፤ ከአሜን በኋላስ?» ሲላት ተናዘዘች። ለካ የምትውጠው ባሏ ሲያናድዳት ብቻ ነው። ግፊት ማለት ንዴት መስሏታል።

«ታዲያ ሰሞኑን?» አላት።

«ሰሞኑን እንኳ ጨዋ ሆኗል» አለች።

«በይ እንግዲህ፣ የባልሽ ጨዋነት ሊገድልሽ ነው!»

ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማ። ሲስተሯ መርፌዋን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ከዚያማ ባሏ ራሱ ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን ከውሃ ጋር ይዞ አልጋው አጠገብ ይቆማል። «ላናድድሽ ወይስ በሰላም ትውጫለሽ?» ይላታል አሉ። ሳቁ፤ ግድ የለም፣ ሳቁ። ሲያስቀን የኖረ ሰው ነው።

እኔም ራሴን ብዙ ጠይቄያለሁ። ያ «እግዚአብሔር ይመስገን» የምለው ምስጋና ነበር ወይስ በር መዝጊያ? አሁን ጠዋት ስጸልይ አመሰግናለሁ። ከአሜን በኋላ ደግሞ የሚያመኝን እነግረዋለሁ። የሚቆጣኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ወንድሜ ሱሪ ይዞ ሱቄ መጣ። ወገቡ ሰፋኝ አለ። አጠበብኩለት። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ሱሪ ይዞ መጣ። «ትርፉን ጨርቅ አትቁረጠው፤ መልሼ እወፍራለሁ» አለኝ። ሜትሬን ወገቡ ላይ አዞርኩ። ጠመኔዬን አስቀመጥኩ። ሱሪ በራሱ አያድግም፤ ያነሰው ሰውየው ነው።

«እንዴት ነህ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጨጓራ ትንሽ ነካ አድርጎኝ ነው።»

«አሜን» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። የሚመጣውን አውቆታል። «ተው፣ አንተ ሰውዬ» አለኝ። እኔ ግን አልተውኩትም። የራሱን ጥያቄ ለራሱ መለስኩለት።

ደንበኞቼ የሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ሱሪውን ጉልበቱ ላይ አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ እንደገና አጠፈው።

«ምግብ አይወርድልኝም» አለ። «ልጄ ልትሄድ ነው። ፈርቻለሁ።»

ልጁ ሌላ ከተማ አስተማሪ ሆና ተቀጥራ ሻንጣዋን ሸክፋ ነበር። ከነገርኳት ትቀራለች፤ እንቅፋት አልሆንባትም ብሎ ዋጥ አድርጎታል። እስቲ ፍረዱ። የሰውን ሁሉ ሕመም ሲያስተፋ የኖረ ሰው የራሱን ዋጠ። ሳትሰማ ብትሄድስ? ማን ሊነግራት ነው? በስልክ? ከመሸ በኋላ?

ሱቁን ዘጋሁና አብረን ወደ ቤቱ ሄድን። መንገድ ላይ ሱሪውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል። በሩን የከፈተችው ልጁ ራሷ ናት። «አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?» አለችው።

«ደህ…» ብሎ ጀመረ። ከኋላው ቆሜ በቀስታ «አሜን» አልኩ። ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ። እየሳቀ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ወደሷ ዞሮ እጇን ያዘ። እኔ ከደጅ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ የተባለው የአባትና የልጅ ነው።

ሲመረመር ዕጢ ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሞቹም የሚድን አይደለም አሉ። ቀድሞ ቢመጣ ይድን ነበር ወይ? አላውቅም። እነሱም አላሉኝም። የማውቀው ይህን ነው። ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት በጊዜ አገኘ። ልጁ ለትምህርት ቤቱ አስረድታ ሥራዋን ለሚቀጥለው መንፈቅ አስተላለፈች። ያን ሁሉ ወራት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አብረው ተቀመጡ። ስታነብለት፣ ሲያርማት፣ ሲከራከሩ አይቻለሁ። ሊጠይቀው የመጣውን ሁሉ ግፊት እየለካ ይመልሰው ነበር። አንድ ቀን ሊያጽናናው የመጣን ጎረቤት፣ ሳልህ አላማረኝም ብሎ ከአልጋው ሆኖ ለምርመራ ላከው። ሰውየው ሊጠይቅ መጥቶ ታማሚ ሆኖ ወጣ። እንዲህ ነው የኖረው፤ እንዲህም ነው ያረፈው። እጁ በልጁ እጅ ውስጥ ነበር።

ልጄ፣ አንቺ በርቺ። በሚቀጥለው ወር ሻንጣሽን አንሺና ሂጂ። እሱ የፈለገው ይህንን ነው። የምትደውይልኝ ቀን ግን «ደህና ነኝ» ብለሽ እንዳትዘጊብኝ።

ወንድሜ፣ ስንብታችን ደረሰ። እንዴት ነህ ብትለኝ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከአሜን በኋላ ደግሞ ይኸውልህ፦ በርጩማህ ባዶዋን ናት፤ እሱ ያመኛል። መድኃኒቴን ጠዋት ወስጃለሁ። እግሬን ማታ አይቻለሁ። ከሱሪህ ትርፉን ጨርቅ አልቆረጥኩትም፤ እንዳልከኝ ውስጡ ታጥፎ አለ።

አንተን ግን ዛሬ ያቺን ጥያቄ አልጠይቅህም። ከምትሄድበት፣ ከአሜን በኋላ የሚነገር ሕመም የለም።

በሰላም ሂድ፣ ወንድሜ። አሜን።