ቁስል ላይ የተገጠመ ጥርስ

ሻባጽ ከተማ አውቶቡስ ስጠብቅ ጎረቤቴን እትዬ ራዶይካን አገኘኋቸው። ጉንጫቸውን በሻርፕ ጠቅልለዋል። ክፉ ነገር ቀድሞ ይታየኛልና ደነገጥሁ።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ሐሙስ ሐኪሙ የቀሩኝን ሰባት የላይ ጥርሶች ይነቅላቸዋል፤ እዚያው ሰው ሠራሹን ይገጥምልኛል። ቅዳሜ ቅዱስ ኒኮላ ነው፤ የቤቴ ጠባቂ ቅዱስ በዓል። እንግዳው ሳይጠራ ይመጣል። በድዴ ልቀበለው?»

«ይቅርብዎ።»

«ወይ አንቺ! ደመና ሳይኖር ጃንጥላ የምትዘረጊ!»

«ሐኪሙ ምን አለዎት?»

ሻርፑን አጠበቁ። «ጊዜያዊ ነው፣ እየተመላለሱ ይስተካከላል ብሏል።»

«እሱን ነዋ ያልሰሙት! ልኩ የሚወሰደው ጥርሱ ሳይነቀል ነው፤ አስቀድመው ሞክረው አያዩትም። ቁስሉ ሲድን ደግሞ ድዱም አጥንቱም ይሟሽሻል። ባበጠ እግር ልክ ጫማ ማሰፋት ነው፤ እብጠቱ ሲጎድል ይወልቃል።»

«ማጣበቂያ አለ አይደል? ለቁስሉም ቤት የወጣ ራኪያ አረቄ አለኝ።»

ራኪያ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝሁ።

«እናቴም ራኪያ ነው ያለችው። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ይድረስ ብዬ አቻኩዬ በአንድ ቀን ያስነቀልኳትና ያስገጠምኳት እኔ ነኝ። እስከ ነገ እንዳታወልቂው ተብላ ነበር፤ ሕመሙ ሲጠናባት አወለቀችው፤ በራኪያ ተጉመጠመጠች። ድዷ አብጦ ጥርሱ አልመለስ አለ። እብጠቱ ሲወርድ ገባላት፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ሰፋት፤ ሐኪሙ ጋ ለመመላለስ አፈረች። በዓመቱ በዓል ለእንግዶች የሚቀርበውን የተቀቀለ ስንዴ ስታዞር ጥርሷ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እትዬ። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ሰው ፊት አልሳቀችም።»

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። ሁለታችንም አልተሳፈርንም።

«ምን ያህል ልጠብቅ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሐኪሙን ይጠይቁ። ለእናቴ ሦስት አራት ወር ይበቃት ነበር አሉን፤ ካለፈ በኋላ።»

«አራት ወር ሾርባ!»

«ሾርባና የተፈጨ ድንች። ዕድሜ ልክ ከመሆን አይሻልም?»

ሐሙስ ጥርሳቸውን ብቻ አስነቀሉ። ቅዳሜ በራቸው ላይ ቆመው፣ «ግቡ፣ ጥርስ የለም፣ ስንዴ ግን አለ!» እያሉ እንግዳውን ተቀበሉ። የሳቀ ቢኖር ከእሳቸው ጋር ሳቀ።

ድዳቸው ሲድን ልካቸው ተወሰደ፤ በሰም የተሠራውን ናሙና ሞክረው አዩ፤ ቀለሙን ራሳቸው መረጡ። ያቆሰላቸውን አንድ ቦታ ሐኪሙ ሞረደላቸው፤ በቃ። ለፋሲካ የጠቦቱን ጎድን እያኘኩ ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት።

«ብዪ እንጂ፣ ጥርስ አለሽ!»

ሹካዬን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጥሁ። እናቴ አራት ወር ነበር የሚያስፈልጋት። እኔ የሰጠኋት ሁለት ቀን ነው።