ለለማኝ ያዋስኩት ድሪቶ
የሶዶ ተማሪዎች ቲያትር ሊያሳዩ ሲሉ፣ ድሮ አብሮኝ የተማረ ልጅ መጥቶ «ለማኝ ለሚሆነው ድሪቶ ፈልግልን» አለኝ። ትምህርቴን ትቼ ድንጋይ መሸከም ከጀመርኩ ወዲህ ማንም አይፈልገኝምና ደስ አለኝ። እናቴ ከሟች አባቴ ልብስ ቆራርጣ የሰፋችውን፣ ማታ የምንለብሰውን ድሪቶ ሳልነግራት ሰጠሁት። ለማኙ ደርቦት ብቅ ሲል ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ቀስ ብላ፣ «ደረቱ ጋ ያለው፣ አባትህ እኔን ያገባ ቀን የለበሰው ሸሚዝ ነው» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ቤት ገብተን ቦይና የምንለውን ጎደሬ ከጓሮ ቆፍራ ከጎመን ጋር ቀቅላ አቀረበችልኝ። ሳህኑን ገፋ አደረግሁት።

«ብላ እንጂ ልጄ። ሌላ ጊዜም ሲጠይቁህ ስጣቸው» አለችኝ። «ግን ንጉሥ ለሚሆነው አልብሱት በላቸው።»