ሁለተኛው የጭንቅላት ፎቶ

ዓይኔን ልመረመር ሆስፒታል በሄድኩበት ጠዋት፣ ኮሪደሩ ላይ የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ድምፅ ነው። ወሬያቸው ስለማያቋርጥ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላቸዋል። ቦርሳቸውን ታቅፈው ከእህታቸው ልጅ፣ ከጨረር ሐኪሟ ጋር ይሟገታሉ።

«እንኳን መጣህልኝ መምህር! ና ፍረደን!» አሉኝ።

ከዓመት በፊት ከጭንቅላታቸው ዕጢ ወጥቶላቸው፣ ጨረርም ወስደው ድነው ነበር። አሁን ግን በኤምአርአይ ፎቶው ላይ እዚያው ቦታ እንደገና ነጭ ነገር ታይቷል።

«አንዴ አንስተውኛል፤ ነጩንም አይተውታል። ታዲያ ተኩሰው አይገላግሉኝም? ሌላ ፎቶ ለምን? ልዳር ነው እንዴ?»

«አክስቴ፣» አለች ሐኪሟ እየሳቀች፣ «ያ ፎቶ ያሳየን መልኩን ነው። ነጩ ነገር ሕያው ዕጢ ይሁን የድሮው ጨረር የተወው ጠባሳ፣ በእሱ ብቻ መለየት ያስቸግራል።»

«ሁለቱንም አቃጥሉታ! እኔ ስንቱን ልብስ በዓይኔ ለክቼ ቆርጫለሁ።»

«ጨርቅ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። ከነጩ አጠገብ ያለው ግን የሚያናግርዎ ቦታ ነው። እሱን ብንነካው ከየት እንገዛልዎታለን?»

እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«ሌላውስ ፎቶ በምን ያውቃል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በቀለቡ። ሕያው ዕጢ ለማደግ ሲል ከጤነኛው አንጎል አብልጦ ይበላል። በሚበላው ንጥረ ነገር ላይ ጥቂት ጨረር አድርገን በደም ሥርዎ እንሰጣለን፤ የተሰበሰበበት ቦታ ፎቶው ላይ ይበራል። ጨረሩ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይከስማል።»

«አይሳሳትም?»

«አንዳንዴ ይሳሳታል። ለዚህ ነው ሁለቱን ፎቶዎች ደርበን የምናያቸው።»

ብዙዎቻችን ምርመራ ሲደጋገም ሐኪሙ ግራ የገባው ይመስለናል። እሳቸው ግን «አይሳሳትም» ብትላቸው ኖሮ ጥለው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። እውነቱን ስትነግራቸው ቦርሳቸውን አቀበሉኝና «እሺ፣ ፎቶውን ልነሳ» አሉ።

ውጤቱ ሲመጣ ሁላችንም ከኮምፒውተሩ ፊት ቆምን። የነጩ አብዛኛው ክፍል ጨለማ ነው፤ ጠባሳ ኖሯል። ከዳር በኩል ግን ባቄላ የምታህል ብርሃን አለች፣ ጫፏም ነጭ ካልነበረው ቦታ ድረስ ዘልቃለች።

«አየሽው ተንኮለኛውን!» ብለው ጮኹ። «ተደብቆ ይበላል!»

«በነጩ ብቻ ተመርተን ቢሆን ጠባሳውን በጨረር ስንደበድብ እሱ ያመልጠን ነበር፣» አለች ሐኪሟ።

በሕክምናው ቀን ፊታቸው ላይ ጭንቅላት እንዳይነቃነቅ የሚይዝ ወንፊት መሰል ጭምብል አድርገው ተኙ። ቢላዋ አልነካቸውም። ከየአቅጣጫው የመጡ ቀጫጭን ጨረሮች ባቄላዋ ላይ ተገናኙ፤ የንግግሩ ቦታም ተረፈ። በዚያው ቀን ነርሶቹን እያሳቁ ወጡ። ከወራት በኋላ በተነሱት ፎቶ ላይ ያቺ ብርሃን አልነበረችም። ሐኪሟ ክትትሉ እንደሚቀጥል አስጠንቅቃ፣ አክስቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ደስታ ነው ያስለቀሳት።

አሁን እትዬ ሰፈሩን ያስተምራሉ። ትናንት ራስ ምታቱ አልለቅ ያለውን ጫማ ሰሪ ከሱቁ በር ላይ ያዙት። ሐኪም የዕጢውን መልክ ብቻ ሳይሆን ሥራውንም አይቶ ሲያክም ጤነኛው አካል እንደሚተርፍ፣ መፍራት ያለብን ምርመራውን ሳይሆን መዘግየቱን እንደሆነ፣ ከሀ እስከ ፐ አስረዱት። ሰውዬው ግማሹ ላይ መዶሻውን አስቀምጦ ተነሣ።

«እትዬ፣ ይበቃል፤ ሐኪም ቤት እየሄድኩ ነው!»

«ብቻህንማ አትሄድም፣» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ከፊቱ ቀደሙ።