የእሑድ ድምፅ

— ሄሎ? … አዎን፣ ወይዘሮ ቨርዴል ታግል ነኝ። ማን ልበል? … ከክሊኒኩ! እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ?

(ቨርዴል ድምፅዋን ቀጠን፣ ለስለስ አድርጋዋለች። እናቷ ናት ያስተማረቻት፦ «ነጭ ሲደውል ድምፅሽን የእሑድ ልብስ አልብሺው።»)

— ሐሙስ ጠብቃችሁን ቀረን? … እኛ እኮ … አይ፣ ይቀጥሉ፣ እየሰማሁ ነው።

— (ወደ ሶፋው ዞራ) ዝም በል፣ ሉሸስ! ስለ አንተ እግር ነው።

— ይቅርታ፣ ወንድሜ ነው። … ብሶበታል እንጂ። ስኳሩ ነው፣ አውራ ጣቱ ጠቁሯል። … ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት? እግዜር ይስጥልኝ! እስከ ጃክሰን ከተማ ድረስ ሌላ ሐኪም የለን።

— (በሹክሹክታ) ሰኞ አሉ! … ምን ያስቅሃል፣ አንተ?

— ሄሎ፣ ይሰሙኛል? … ሐሙስ ማንም አልመጣም? … ከማን በቀር? … አረንጓዴ ባርኔጣ ያደረገች ጥቁር ሴት? … ሳትጠራ መጥታ? … አዲስ ታካሚ አንቀበልም ቢሏት፣ እስከ እኩለ ቀን ከወንበሩ አልነሳም ያለች?

(ባርኔጣው በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሉሸስ እጁን እያወዛወዘ ይለምናታል፦ ተዪው፣ ሰኞን ያዢ።)

— ያቺ ሴት ስሟን ነግራሽ ነበር። ሁለቴ። ቀና ብለሽ አላየሻትም፣ የቀጠሮ መዝገቡንም አልገለጥሽም። … በምን አወቅሁ? ባርኔጣው የኔ ነዋ! … አዎ፣ ድምፄ ይኼ ነው። ቅድም የሰማሽው የክት ነው። … አልተቆጣሁም። ሰኞ ሦስት ሰዓት እዚያ ነን። … ምን? … ሞላ? አሁን በአፍሽ የሰጠሽኝ ሰኞ? … ስናወራ ማን ገብቶ ሞላው? … ሄሎ? … ሄሎ!

(ስልኩ ጆሮዋ ላይ ቀረ።)

— ዘጋችው። … አውቃለሁ፣ ሉሸስ። ትንሽ ብታገሥ ኖሮ … አውቃለሁ አልኩህ! … በል ካልሲህን አውልቅ፤ ጨውና ሙቅ ውኃ ላምጣልህ። … ቀስ። ቀስ በል፣ ተጣብቋል።