በባህር ዛፍ የታጠነ ሥጋ

ከወሰን ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ጎልማሶች ስለ ሥጋ መጥበሻ ይመካከራሉ።

«እሁድ አማቴ ይመጣሉ። በኤሌክትሪኩ ልጥበስ ወይስ የከሰሉን፣ የሸክላውን ልግዛ?» አለ አንደኛው።

«ኤሌክትሪኩ ምን ሆነ? እንጨቱን ራሱ እየጨመረ በጭስ ያበስላል ስትል አልነበር?»

«አብሮት የመጣው እንጨት አለቀብኛ! ባለፈው ከእንጦጦ ባህር ዛፍ አስመጥቼ፣ ፈልጬ ከተትኩበት።»

«ባህር ዛፍ? ለሥጋ?»

«ጭስ ያው ጭስ ነው ብዬ ነዋ፣ እኔ ሊቁ!»

«አማትህስ ምን አሉ?»

«አንዴ ጎርሰው ‹ልጄ፣ ጉንፋን እንደያዘኝ ማን ነገረህ?› አሉኝ።»

«አድነሃቸዋል እኮ!»

«ከዚያ በኋላ ዝም። ማሽኑ ለብቻው ይጠብሳል፣ እኔና እሳቸው ተፋጠን ዋልን። ሚስቴ ‹አሁንም ሳትግባቡ ከተለያያችሁ ሁለተኛ አባቴን አልጠራም› ብላለች።»

«በቃ የከሰሉን ግዛ።»

«እሱ እኮ ከአጠገቡ ንቅንቅ አያስብልም። ሲበርድ አራግብ፣ ሲነድ ክደን...»

«ለዚያ ነው የምልህ! ሁለት በርጩማ አውጣና አጠገቡ ተቀመጡ። አንተ ተሳሳት፣ እሳቸው ያርሙህ።»

«መሳሳቱን እንኳ ለኔ ተወው።»

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከሰል ያራግብባት የነበረችው ካርቶን ዛሬም ከምድጃው ጀርባ እንዳለች ትዝ አለኝ፤ መውረጃዬን ላምበረትን «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።